ከታች የቀለጠ፣ ከላይ ያልበሰለ፦ የአንድ ጡብ ክምር ጉዳይ ከእንጅባራ

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የጻፍኩት ስለ ብረት ማዕድን ሲንተሪንግ፣ ማለትም የማዕድን ድቃቂን ጋግሮ ስለ ማያያዝ ነው። አገራችን ውስጥ ደግሞ አንድም የሲንተር ፋብሪካ የለም። የብረት ፋብሪካዎቻችን ቁርጥራጭ ብረት ያቀልጣሉ፤ ወይም ከውጭ የመጣ ቢሌት (ለመዳመጥ የተዘጋጀ ወፍራም የብረት ዘንግ) አሙቀው ይዳምጣሉ። ዘመድ ምን ተማርክ ሲለኝ "ድንጋይ መጋገር" እላለሁ። ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

ትምህርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ላይ የሠራው በ2011 ዓ.ም. ነው። ቦታው እንጅባራ ዳር ነው። የሠራውም ብረት ላይ ሳይሆን ጡብ ላይ ነው።

ሰባት ልጆች ተደራጅተው የሸክላ ጡብ ያመርቱ ነበር። ከቀይ አፈርና ከጥቂት ዋልካ ጭቃ ያቦካሉ። በእንጨት ቅርጽ ይመታሉ። በጥላ ያደርቃሉ። ከዚያ 8,000 ያህሉን በ18 ረድፍ ከምረው፣ ከሥር ሦስት የማገዶ አፍ ትተው፣ ዙሪያውን በጭቃ መርገው ያነዳሉ። ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት። ማገዶው ባህር ዛፍ ነው።

የጠሩኝ ስለ ጡቡ አልነበረም። "እንጨት ጨረሰን፤ የሚቀንስ ነገር ካለ ንገረን" ነው ያሉኝ። ሊቀመንበሩ የሩቅ ዘመዴ ነው። እኔም ነገሩን የማገዶ ጉዳይ አድርጌ ነው የያዝኩት። ስህተቴ ከዚያ ጀመረ።

መጀመሪያ ቆጠርን

ኅዳር ላይ አንድ ክምር ሲነድ አጠገቡ ዋልኩ። እያንዳንዱን የእንጨት እስር በተንጠልጣይ ሚዛን መዘንን። ልጆቹ ደስ አላላቸውም። "እንጨት መዝኖ ያነደደ ማን አለ?" አለ አንዱ። እውነቱን ነው፣ አይቼ አላውቅም። መጨረሻ ላይ 5,900 ኪሎ ሆነ።

ክምሩ ሲፈርስ ደግሞ ጡቡን ሦስት ቦታ ለይተን ቆጠርን። ለገበያ የሚሆነው 4,700 ነበር። 2,300ው ያልበሰለ ነው፤ ቀለሙ የገረጣ፣ ሲመቱት ድፍን ያለ ድምፅ የሚሰጥ፣ በጥፍር የሚፋቅ። 1,000ው ደግሞ የተሰነጠቀ ወይም እርስ በእርሱ ተጣብቆ ድንጋይ የሆነ ነው።

ያልበሰለው በሙሉ ማለት ይቻላል ከላይኛው ረድፍና ከዳር የወጣ ነው። የቀለጠው ከታች፣ ከማገዶው አፍ አጠገብ ነው።

ይህን ሳይ ሳቄ መጣ። የማውቀው በሽታ ነው። ተገልብጦ መጣ እንጂ።

ሲንተሪንግ እንዲህ ነው። የብረት ማዕድን ሲቆፈርና ሲፈጭ ብዙ ድቃቂ ይወጣል። ድቃቂውን እንዳለ ትልቁ ማቅለጫ ምድጃ ውስጥ ቢጨምሩት የአየሩን መንገድ ይደፍነዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ይጋገራል። ማዕድኑ ከኖራ ድንጋይና ከኮክ ብናኝ ጋር ይደባለቃል። ኮክ ማለት አየር በሌለበት የተጠበሰ የድንጋይ ከሰል ነው። ብናኙ አብዛኛው ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ከድብልቁም በመቶ 3 ወይም 4 ያህል ቢሆን ነው። ውሃ ይረጭበትና በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ ይድቦለቦላል። ከዚያ በሚጓዝ የብረት ፍርግርግ ላይ ከግማሽ ሜትር በላይ ውፍረት ይነጠፋል። ከላይ ይለኮሳል። ከሥር ትልቅ ማራገቢያ አየሩን ወደ ታች ይስባል። እሳቱም ቀስ እያለ ይወርዳል። በደረሰበት ቦታ ሙቀቱ 1300 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ድቃቂው በከፊል ቀልጦ ይያያዛል።

ችግሩ ላይኛው ንጣፍ የሚያገኘው ቀዝቃዛ አየር መሆኑ ነው። ታችኛው ደግሞ በላይኛው ውስጥ አልፎ የሞቀ አየር ይወርሳል። ነዳጁ እኩል ቢደባለቅም ሙቀቱ እኩል አይሆንም። ላይኛው ሳይበስል ይቀራል፤ ታችኛው ከልክ በላይ ይቀልጣል። ያልበሰለው ሲወድቅ ይፈረፍራል። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰው ተነፍቶ ተመልሶ ይጋገራል። ማለትም ለአንድ ድቃቂ ሁለት ጊዜ ነዳጅ ይወጣለታል።

ጡቡ ላይ እሳቱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የታችኛው ማገዶው አጠገብ ነውና ይቀልጣል። የላይኛው ሰማይ ላይ ተገልጧልና ሙቀቱን ይበትናል። ያልበሰለ ጡብ ግን ፍርግርግ ላይ እንደሚመለሰው ድቃቂ እንኳ አይሆንም። ተመልሶ ቢነድ ብዙው ይሰነጠቃል። የተነደደለት እንጨት በቃ ሄደ።

ያን ማታ ደብተሬ ላይ 5,900ን ለ8,000 ሳይሆን ለ4,700 አካፈልኩ። ለአንድ የሚሸጥ ጡብ 1.25 ኪሎ እንጨት። ልጆቹ የሚያውቁት ሒሳብ ለክምሩ ስንት መኪና እንጨት እንደሄደ ብቻ ነበር። የማገዶውና የጥራቱ ጉዳይ አንድ ሒሳብ መሆኑን ያየነው እዚህ ላይ ነው። እንጨት ቀንሰን ያልበሰለው ቢበዛ ከሰርን ማለት ነው።

መጽሐፉን ገለበጥኩና አበላሸሁ

አዊ (እንጅባራ ያለችበት ዞን) ውስጥ ያለ ሰው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ያውቀዋል። በተለይ ፋግታ ለኮማ ወረዳ። ገበሬው ችግኙን ይተክላል፤ መጀመሪያ ላይ በመካከሉ ጤፍ ይዘራል። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆርጠውና ከሰል ያከስለዋል። ከሰሉ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ማክሰያው ቦታ ላይ የሚቀረው ብናኝ ግን ያን ጊዜ ፈላጊ አልነበረውም። በማዳበሪያ ሞልተህ ውሰድ ብትል የሚከለክልህ የለም።

የኮክ ብናኝ የምትመስል ነገር በነጻ አገኘሁ ማለት ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ታኅሣሥ ላይ ብናኙን በወንፊት ነፍተን ጭቃው ውስጥ ቀላቀልነው። ስንት? መጽሐፍ ላይ ያለውን ያህል፤ በመቶ ከ3 ትንሽ ከፍ ያለ። ለ8,000 ጡብ 640 ኪሎ ሆነ። በሁሉም ጡብ ውስጥ እኩል። ከሥር የሚነደውን እንጨት ደግሞ ወደ 5,100 ኪሎ ቀነስን።

የሚሸጠው 4,100 ወጣ። ካለፈው በ600 ያነሰ።

ልጆቹ ምንም አላሉም። ዝምታቸው ከስድብ ይብሳል። ሊቀመንበሩ ብቻ "ብናኙ ነው ወይስ አንተ ነህ?" አለኝ።

የሆነው ሁለት ነገር ነው። ታችኛው ረድፍ ድሮም ሙቀት ተርፎት ነበር። ሆዱ ውስጥ ነዳጅ ስንጨምርለት እስከ አምስተኛው ረድፍ ድረስ ቀልጦ ተያያዘ። ሁለተኛው የማላውቀው ነገር ነበር። ብዙ ጡብ ሲሰበር መካከሉ ጥቁር ሆኖ ተገኘ። ከውጭ ቀይ፣ ከውስጥ እንደ ጥላሸት።

ይህ ጥቁር ልብ የሚመጣው ከችኮላ ነው። ብናኙ እንዲቃጠል አየር ጡቡ ውስጥ መግባት አለበት። እኛ ቶሎ አነደድነው፤ የጡቡ ፊት ተጣብቆ ቀዳዳው ተዘጋ። ውስጥ ያለው ከሰል ኦክስጅን አጣ። ኦክስጅን ሲያጣ ደግሞ ከአፈሩ ብረት ላይ ይነጥቃል። ቀይ የሚያደርገው የብረት ኦክሳይድ ኦክስጅኑ ሲቀነስበት ይጠቁርና አፈሩን ቶሎ የሚያቀልጥ ይሆናል። ስለዚህ ጡቡ ከውስጥ ያብጣል፣ ይጣመማል።

ሲንተር ላይም ነዳጅ ሲበዛ ተመሳሳይ ነገር አለ። ቁርጥራጩ ብርጭቆ መሳይ፣ ጥቁርና ጠንካራ ይሆናል። ለዓይን ጥሩ ይመስላል። ማቅለጫው ምድጃ ውስጥ ሲገባ ግን ጋዙ እንደልብ አይገባበትም፤ ብረቱን ከኦክስጅኑ ለማላቀቅ ተጨማሪ ነዳጅ ይበላል። እኔም ከታች የቀለጠውን ጡብ ጠንካራ ነው ብዬ ለመሸጥ አስቤ ነበር። ግንበኛው አንዱን አንሥቶ አየና "ይሄ ሲሚንቶ አይዝም" ብሎ ወረወረው።

ከሰልና ኮክም አንድ አይደሉም። የእንጨት ከሰል ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ኦክስጅን ካገኘ ከኮክ ይልቅ ቶሎ ይነዳል። ሲንተር ፋብሪካዎች ኮክን በእንጨት ከሰል ለመተካት ሲሞክሩ የሚገጥማቸው ይኸው ነው፤ እሳቱ ይሮጣል፣ ሙቀቱ ሳይከተለው ይቀራል፣ ቁርጥራጩ ይላላል። ለዚህ ነው ከፊሉን ብቻ የሚተኩት፤ ከሰሉንም ሸካራ ያደርጉታል። እኛ ግን ጭቃ ውስጥ ቀብረን አየር ከልክለነው ነበር። ስለ ኮክ የተጻፈ ቁጥር ለዚህ አይሠራም ነበር። መጀመሪያ ማሰብ ነበረብኝ።

ድፎ ዳቦ

መፍትሔው ግማሹ ከሲንተር መጣ፤ ግማሹ ደግሞ ከሊቀመንበሩ እናት።

የሲንተሩ ይሄ ነው። ነዳጁን በንጣፉ ውስጥ እኩል አትበትን። ሙቀት ለሚያጥረው ጨምር፣ ለተረፈው ቀንስ። ፋብሪካዎቹ ድብልቁን ሲያነጥፉ ሸካራው ወደ ታች፣ ደቃቁና ነዳጅ የበዛበት ወደ ላይ እንዲሆን ያደርጋሉ። ለእኛ እንዲህ ሆነ፦ የታችኛው ስድስት ረድፍ ጡብ ብናኝ የለበትም፤ የመካከለኛው ስድስት በመቶ 2፤ የላይኛው ስድስት በመቶ 4። ሦስቱ እንዳይቀላቀሉ ጭቃው ሳይደርቅ በጣት ምልክት ተደረገባቸው። አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ባዶ።

ይህን ለልጆቹ ስዘረዝር እናትየው ቡና እያፈሉ ይሰሙ ነበር።

"የኔ ልጅ፣ ድፎ ዳቦ እኮ ከላይም እሳት ይጫንበታል። እናንተ ከሥር ብቻ እያነደዳችሁ ላዩ ይበስላል ትላላችሁ?" አሉኝ።

ከላዩ እሳት። ፋብሪካ ውስጥ ለዚህ ሲሉ ስንት ገንዘብ ያወጣሉ። ጃፓን ውስጥ ጄኤፍኢ የተባለው ብረት አምራች በ2009 (እ.ኤ.አ.) ኬይሂን በሚገኘው ፋብሪካው ንጣፉ ከተለኮሰ በኋላ ከላዩ ጋዝ ነዳጅ መንፋት ጀመረ። ዓላማው ሙቀቱን ከፍ ማድረግ አልነበረም። ከ1200 እስከ 1400 ዲግሪ ባለው መካከል የሚቆይበትን ጊዜ ማስረዘም ነው። የኮክ ብናኙን ያን ያህል ቀነሱ። እናትየው ስለ ጃፓን አልሰሙም። ምጣዳቸውን ያውቃሉ።

ጥር ላይ በሁለተኛው ሙከራ ጊዜ የላዩን እሳት ለማሰናዳት አልደረስንም። ብናኙን ብቻ ደረጃ ሰጠነው። ሌላም አንድ ነገር አስተካከልን። እንጅባራ ብርድና ጭጋግ ነው። ጡቡ ከውጭ የደረቀ ይመስላል፤ ሲሰበር ልቡ እርጥብ ነው። ክምሩ ሲለኮስ ከታች የሚነሣው እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣና ቀዝቃዛው ጡብ ላይ መልሶ ውሃ ይሆናል። የላይኛው ረድፍ ይላቁጣል፤ ኋላም ይሰነጠቃል። ሲንተር ንጣፍ ውስጥም ልክ እንዲሁ ነው። ከእሳቱ የሸሸ እንፋሎት ቀዝቃዛው ንብርብር ላይ ይረግፍና የተድቦለቦለውን እንክብል ያፈርሰዋል፤ የአየሩ መንገድ ይዘጋል። እዚያ ድብልቁን አስቀድሞ ማሞቅ አንዱ መድኃኒት ነው። እኛም የመጀመሪያውን ሌሊት ሙሉ በትንሽ እሳት ብቻ፣ ላዩን ክፍት አድርገን አሞቅነው። እንፋሎቱ እጅን ማርጠብ እስኪተው ጠበቅን። ለጥቁሩ ልብም የበጀው ይኸው ነው፤ ቀስ ሲባል ብናኙ አየር አገኘ።

ሙቀቱን መለኪያ አልነበረንም። ከማውቀው ሰው የተዋስኩት አንዱ መለኪያ በመጀመሪያው ክምር ውስጥ ነድዶ ቀረ፤ እስካሁን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለዚህ ትንንሽ የሸክላ ስኒ ላይ የገበታ ጨውና ወፍራም የመዳብ ሽቦ አድርገን በየረድፉ ቀበርን። ጨው በ801 ዲግሪ ይቀልጣል። መዳብ በ1085። ለእኛ አፈር የሚፈለገው 900 እና 1000 መካከል ነው። ስለዚህ ጨው ቀልጦ መዳብ ከቆመ፣ ቢያንስ ከሜዳው አልወጣንም ማለት ነው። ጨዉ ሳይነካ የተገኘበት ረድፍ ጥሬ ነው። ሽቦው ተኮማትሮ ጠብታ የሆነበት ረድፍ ደግሞ ድንጋይ ሆኗል። ርካሽ ነው። ሥራውን ግን ሠራ።

ፈረሶቹ ያስተማሩን

ይህን ክፍል ብዘለው ደስ ባለኝ ነበር፤ ምክንያቱም እኔ ያሰብኩት አይደለም።

ልማዱ እሳቱ ከጠፋ በአራተኛው ቀን ክምሩን መክፈት ነው። ገዢ ይጨቀጭቃል። ሞቅ እንዳለ በጓንት ይወጣል። በዚያ ጥር ግን እሳቱ የቆመው የአገው ፈረሰኞች በዓል ሊደርስ ሲል ነው። በዓሉ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ይከበራል። ከልጆቹ ሁለቱ ራሳቸው ፈረሰኛ ናቸው። ከተማው በሙሉ ሜዳ ወጣ። ስለ ጡብ የሚያስብ አልነበረም። ክምሩ ዘጠኝ ቀን ተዘግቶ ቆየ።

ሲከፈት ስንጥቁ ቀንሷል። መጀመሪያ ብናኙ ነው ብዬ ኮራሁ። ኋላ ነው የገባኝ። አፈር ውስጥ ያለው የአሸዋ ድንጋይ፣ ኳርትዝ፣ 573 ዲግሪ ላይ ሲደርስ መጠኑ በድንገት ይለወጣል። ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ቶሎ ከፍተህ ቀዝቃዛ አየር ብታስገባ አንዱ ጎን ሲኮማተር ሌላው ገና ነው። ስንጥቁ ከዚያ ይመጣል። ሲንተር ላይም ቀይ የጋለውን ቁርጥራጭ ውሃ ወይም ብዙ ቀዝቃዛ አየር ቶሎ ከመታው ይሰባበራል፤ ድቃቂው ይበዛል።

የሚሸጠው 5,600 ደረሰ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ደንብ ሆነ። ልጆቹ "የፈረስ ቀን" ይሉታል።

ሦስተኛው ሙከራ

መጋቢት ላይ ሁሉንም አንድ ላይ አደረግን። ኅዳር ላይ ተፈልጦ ቆርቆሮ ሥር የተከመረው እንጨት ደርቆ ነበር። ክምሩ አናት ላይ 66 ኪሎ ያህል ብናኝ አነጠፍን። በላዩ ሁለት ድርብ አሮጌ ጡብ፣ በላዩ አመድ፤ በየቦታው ትንሽ የአየር ቀዳዳ። በሁለተኛው ቀን ማታ ከሥር የወጣው ሙቀት ደርሶበት ብናኙ ራሱ ተያያዘ። ጭለማ ውስጥ በቀዳዳዎቹ ቀይ ቀይ ሲል ከሩቅ ይታይ ነበር። እናትየውም መጥተው አዩ። "አሁን ድፎ ሆነ" አሉ።

አንድ ማሳሰቢያ በመካከል። ያን ሌሊት አንዱ ልጅ ለሙቀት ብሎ ክምሩን ተጠግቶ በጠረባ ዳስ ሥር ተኝቶ ነበር። ራስ ምታት ይዞት ሲያስመልሰው ነው የነቃነው። የከሰል ጭስ ሽታ የለውም ብሎ መዘናጋት አደጋ ነው። ዳሱ በማግስቱ ፈረሰ።

ውጤቱ ይኸውና። ከ8,000 ውስጥ የሚሸጠው 6,700። ያልበሰለ 800። የቀለጠና የተሰነጠቀ 500። እንጨት 3,200 ኪሎ። ብናኝ በድምሩ 450 ኪሎ።

ጡቡንም ፈተንነው። የገረጣው የድሮ ጡብ ደርቆ 2,100 ግራም ሲመዝን፣ ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት አድሮ 2,620 ሆነ። ወደ ሩብ የሚጠጋ ውሃ ጠጣ ማለት ነው። ከአዲሱ ክምር አናት ላይ የተወሰደው ከ2,050 ወደ 2,370 ነው የሄደው። በመቶ 16 አይሞላም። እርስ በእርስ ሲጋጭም ይጮሃል። ግንበኛው የሚያምነው ድምፁን ነው እንጂ ግራሙን አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 5,900 ኪሎ እንጨት ወደ 3,200 ወረደ ብዬ ግማሽ ሊጠጋ ቀነስኩ ማለት እችል ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው። ግን ውሸት ነው። የኅዳሩ እንጨት እርጥብ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ኪሎ ፍልጥ አስጥቼ እስኪደርቅ ስመዝን 650 ግራም ቀርቶ ነበር። የመጋቢቱ 850 ነው። ስለዚህ የኅዳሩ ክምር ውስጥ ከ2,000 ሊትር በላይ ውሃ አብሮ ገብቷል። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ሙሉ። አንድ ኪሎ ውሃን አሙቆ ማትነን ወደ 2.6 ሜጋ ጁል (የሙቀት መጠን መለኪያ ነው) ይፈልጋል። እንጨቱ ከራሱ ሙቀት ላይ ነው ይህን የሚከፍለው።

ደረቁን ብቻ ስናወዳድር ከ3,835 ወደ 2,720 ኪሎ ነው። በመቶ 29 ቅናሽ። ግን ብናኙም ነዳጅ ነው። አንድ ጣሳ ብናኝ አንድጄ አመዱን ስመዝን ሩቡ አፈርና አመድ ነበር። ስለዚህ ንጹህ ከሰል በኪሎ 30 ሜጋ ጁል ቢሰጥ የእኛ 22 ገደማ ነው። ሁሉም ሲደመር ጠቅላላው ሙቀት የቀነሰው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው።

ሊቀመንበሩ ይህን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። "ለዚህ ነው አራት ወር የለፋነው?" አለ።

ለአንድ የሚሸጥ ጡብ ግን ሌላ ነው። ኅዳር ላይ 14 ሜጋ ጁል ነበር። መጋቢት ላይ 8.8። ከሦስት አንድ እጅ በላይ ወርዷል። ትርፉ የመጣው እሳቱን ከማሳነስ አይደለም፤ እሳቱ ቦታውን ስላገኘ ነው። ከኪሳቸው የሚወጣው ደግሞ የእንጨቱ ዋጋ ብቻ ነበር፤ ብናኙ በነጻ ነው። በዚያ ሒሳብ፣ የእንጨቱን ድርቀት ሳንለይ፣ ለአንድ የሚሸጥ ጡብ የሚነደው እንጨት ከ1.25 ኪሎ ወርዶ ግማሽ ኪሎ አልሞላም። ይህን ሲሰማ ፊቱ ተመለሰ።

አንድ ነገር ግን አልደብቅም። ደረቅ እንጨት፣ የላዩ እሳትና የአመድ ክዳን በአንድ ጊዜ ነው የገቡት። የትኛው ስንት እንዳመጣ መለየት አልችልም። አንድ በአንድ መሞከር ነበረብን። ክረምቱ ግን እየመጣ ነበር፤ እንጅባራ ደግሞ ዝናቡ ቀድሞ ይጀምራል፣ ዘግይቶ ይወጣል። የእኔ ግምት ደረቁ እንጨት ትልቁን ድርሻ ይወስዳል የሚል ነው። ልጆቹ የላዩ እሳት ነው ይላሉ። እናትየው እንደሆነ ጥያቄም የለባቸው።

ከዚያ ወዲህ

ብናኙ በነጻ የቆየው አንድ በጋ ብቻ ነው። ሰው ጡብ ሠሪዎቹ ሲጭኑት ሲያይ "ምን ቢያገኙበት ነው?" ማለቱ አይቀርም። በማዳበሪያ ሒሳብ ይጠየቅ ጀመር። በኋላ ደግሞ ዲከረንሱን ራሱን በሽታ መታው። ቅጠሉ ላይ እንደ ዝገት ያለ ነገር ወጥቶ ስንት ማሳ አደረቀ። ማክሰያው ቀነሰ፤ ብናኙም አብሮ ጠፋ።

አሁን ላይኛው ረድፍ ጭቃ ውስጥ የሚቀላቅሉት ከእንጨት ሥራ ቤቶች የሚወጣ ሰጋቱራ ነው። እንደ ከሰሉ አይደለም። ጭሱ ብዙ ነው፤ ቶሎ ይለኮሳል። ተቃጥሎ ሲያልቅ የተወው ቀዳዳ ጡቡን ቀላል ያደርገዋል፤ ውሃም ትንሽ ይጨምርበታል። ለውስጥ ግድግዳ ይሆናል። ለመሠረት አልመክርም፤ እነሱም ለይተው ነው የሚሸጡት። የጣት ምልክቱ እዚህ ላይ ጠቀመ።

ያልተፈታው የታችኛው ረድፍ ነው። ከማገዶው አፍ አጠገብ ያለው ጡብ ብናኝ ሳይነካው አሁንም ይቀልጣል። እንጨቱን በቀጭኑ ፈልጦ ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ይረዳል። ሌሊት ግን እንቅልፍ ያሸንፋል፤ አንድ ጊዜ ሙሉ እቅፍ ይከተታል። አሁን የአፉን ጣሪያ የሚሠሩት ከባለፈው ክምር በቀለጠው ጡብ ነው። አንድ ጊዜ ቀልጧልና ሁለተኛ አይጎዳም። ሌላ የተረፈውን ደግሞ የመጸዳጃ ጉድጓድ ግድግዳ የሚሠሩ ሰዎች ይወስዱታል። ዋጋው ከጥሩው ጡብ ግማሽ አይሞላም፤ እነሱ ግን ሲሚንቶ ያዘ አልያዘ አይጨነቁም፣ በደረቁ ነው የሚደረድሩት።